አንድ መንጋ ስንት ነው?
የጥቅል ስሞች በገበሬው አንደበትና በማኅበሩ መዝገብ

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የቦሰት ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከወለንጪቲ ይደርሳል። ወለንጪቲ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ፣ ዝናብ ብዙ ጊዜ የሚያጥራት፣ ይሁን እንጂ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ቦሎቄ የሚዘራበት ሰፊ ገጠር የከበባት ከተማ ናት። የአዋሽ ወንዝ በሚያልፍባቸው ቀበሌዎች ደግሞ ሽንኩርትና ሌላም አትክልት በመስኖ ይለማል።

በገበያ ቀን ወደ ከተማይቱ የሚገባው ሁሉ በየስሙ ይገባል። ፍየሉ በመንጋ፣ በሬው በጥማድ፣ እንጨቱ በእስር፣ እህሉ በጆንያ፣ ሽንኩርቱ በኩንታል ይመጣል። ሰውም እንዲሁ ነው። አንዱ ከዕድርተኞቹ ጋር፣ ሌላው ከዕቁብተኞቹ ጋር ቀጠሮ አለው፤ ሌላው ደግሞ ለነገው ደቦ ሰው ሊጠራ ወጥቷል። ገበሬው ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው እነዚህ ቃላት ሰዋስው አዋቂዎች የጥቅል ስም የሚሏቸው ናቸው። ብዙውን ነገር በአንድ ስም ጠቅልለው የሚጠሩ ስለሆኑ ነው።

ይህ ጉዳይ ለሰዋስው መምህር ብቻ የሚተው ይመስል ይሆናል። የገበሬ ማኅበር፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም የቀበሌ መሪ የሆነ ሰው ግን በየዕለቱ ከእነዚሁ ቃላት ጋር ይሠራል። ግጦሽ ሲደለደል፣ ማዳበሪያ ሲጠየቅ፣ የማሳ ጉዳት ሲገመት፣ የአንበጣ ወሬ ወደ ወረዳ ሲላክ በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው ቃል ከእነዚሁ አንዱ ነው። ቃሉ በትክክል ከተያዘ ፍርዱም እርዳታውም በልኩ ይመጣል። ካልተያዘ ግን ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል፤ የሚመጣው እርዳታም ወይ ያንሳል ወይ ይዘገያል።

«ከብት ማሳ ገባ»

አማርኛ ቁጥር ሲጠራ ስሙን ማብዛት ግድ አይለውም። «አምስት በሬ»፣ «ሠላሳ ፍየል» ማለት በቂ ነው። ቁጥር ካልተጠራ ደግሞ ከብት፣ ሰው፣ ወፍ፣ አንበጣ የሚሉት ስሞች አንዱንም ብዙውንም ይሸፍናሉ። «ከብት ማሳ ገባ» ሲባል የገባችው አንዲት ጊደር ትሁን ወይም ሠላሳ ላም ከነጥጃዋ ከቃሉ ብቻ አይታወቅም።

ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ይህ ችግር አያመጣም። ሰሚው ወይ በዓይኑ አይቷል፣ ወይ ጠይቆ ይረዳል። በቃለ ጉባኤ ላይ ከሰፈረ በኋላ ግን ወረቀቱን ጠይቆ መልስ ማግኘት አይቻልም። ከስድስት ወር በኋላ ካሣ እንዲቆርጡ የተጠሩ ሽማግሌዎች «ከብት ገብቶ እህል በላ» የሚለውን ሲያነቡ ከሳሹ መንጋ ነበር ይላል፤ ተከሳሹ አንዲት ላም ናት ይላል። ሁለቱም ከመዝገቡ ቃል ጋር አይጋጩም። ጥፋቱ ያለው በጸሐፊው እስክሪብቶ ላይ ነው።

ከብት የሚለው ስም ራሱ በውስጡ ብዙ ክፍል አለው። ላም፣ በሬ፣ ጊደር፣ ወይፈንና ጥጃ የዳልጋ ከብት ይባላሉ። ፈረስ፣ በቅሎና አህያ የጋማ ከብት ናቸው። የቀንድ ከብት የሚለው አጠራር በብዙ ቦታ የሚያመለክተው የዳልጋ ከብትን ነው፤ ሆኖም የቃሉን ፊደል ለተከተለ ሰው በግና ፍየልም ቀንድ አላቸው። ከወረዳ በሚመጣ ቅጽ ላይ «የቀንድ ከብት ብዛት» የሚል ረድፍ ሲኖር አንዱ ማኅበር ፍየሉን ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር ከሞላ የሁለቱ ድምር የማይገናኝ ይሆናል። ስለዚህ ቅጹን ከመሙላት አስቀድሞ ቃሉ ማንን እንደሚጠቀልል መጠየቅ የመሪው ሥራ ነው።

መንጋ የሚለው ስም ደግሞ በአንድነት የሚሰማራውን ሁሉ ይይዛል። የፍየል መንጋ፣ የበግ መንጋ፣ የከብት መንጋ፣ የንብ መንጋ፣ የወፍ መንጋ ይባላል። ቁጥር ግን የለውም። አሥራ አምስት ፍየል ያለው እረኛ መንጋዬን አሰማራሁ ይላል፤ መቶ ሃምሳ ያለውም እንዲሁ ይላል። የጋራ ግጦሽ መሬት ለአራት መንጋ ተፈቅዷል የሚል ውሳኔ እንግዲህ ለሁሉም እኩል የሆነ ይመስላል እንጂ እኩል አይደለም።

ይህን ለማስተካከል በእንስሳት እርባታ ባለሙያዎች ዘንድ የሚሠራበት አንድ መለኪያ አለ። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ እንስሳ አንድ አሃድ ተብሎ ይያዛል። በዚህ ስሌት ግመል 1፣ የዳልጋ ከብት 0.7፣ በግ ወይም ፍየል 0.1 ሆነው ይቆጠራሉ። እንግዲህ 10 ላም 7 አሃድ ነው፤ 70 ፍየልም 7 አሃድ ነው፤ 7 ግመልም ያው 7 አሃድ ነው። ግመል፣ ላምና ፍየል በአንድ ሜዳ በሚገናኙበት እንደ ቦሰትና ፈንታሌ ባለ ቆላ አካባቢ ግጦሽ ሲደለደል ይህ ስሌት «የእኔ መንጋ፣ የአንተ መንጋ» ከሚለው ክርክር ያወጣል። ፍየል ቁጥቋጦ፣ ላም ሣር እንደሚመርጡ ግን ከስሌቱ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። አሃዱ የሚነግረው መኖው ምን ያህል እንደሆነ እንጂ ምን ዓይነት እንደሆነ አይደለም።

ጥማድ የበሬ ነው ወይስ የመሬት?

ጥማድ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው። በኦሮምኛ ጭምዲ ይባላል። ቃሉ ከመንጋ የሚለየው ቁጥሩ የታወቀ በመሆኑ ነው፤ ጥማድ ምን ጊዜም ሁለት ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ጥማድ የለውም። እንዲህ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፤ ይህም መቀናጆ ይባላል። በሁለት ቤት የሚኖሩ ሁለት በሬዎች በእርሻ ወራት አንድ ጥማድ ይሆናሉ ማለት ነው።

በመዝገብ ላይ ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። «40 ጥማድ አለን» ያለ ማኅበር 80 በሬ አለው። «40 በሬ አለን» ያለው ደግሞ ቢበዛ 20 ጥማድ ነው የሚያወጣው። ከዚህም ሌላ 40ው በሬ አንድ አንድ እየሆነ በ40 ቤት ተበታትኖ የሚገኝ ከሆነ መቀናጆ ካልተደረገ በቀር አንድም ጥማድ ላይወጣ ይችላል። ድርቅ ካለፈ በኋላ ስንት ሰው ማረስ እንደሚችል ለማወቅ የሚፈልግ መሪ የበሬውን ድምር ብቻ ሳይሆን ሁለት በሬ ያለው፣ አንድ በሬ ያለውና ምንም የሌለው ስንት ስንት እንደሆነ ለይቶ መጻፍ ይገባዋል።

ጥማድ ሌላም ትርጉም አለው። አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬትም ጥማድ ይባላል። ይህ ልክ በብዙ ቦታ ወደ ሩብ ሄክታር ይጠጋል ተብሎ ይወሰዳል። ነገር ግን የበሬው ጉልበት፣ የአፈሩ ዓይነትና የመሬቱ ተዳፋትነት ልኩን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። የዋልካ አፈርና አሸዋማ አፈር በአንድ ቀን እኩል አይታረሱም። እንግዲህ «ሦስት ጥማድ» የሚል ጽሑፍ ስድስት በሬ ማለትም፣ ከሄክታር ሦስት አራተኛ የሚሆን ማሳ ማለትም ሊሆን ይችላል። ዘርና ማዳበሪያ በሄክታር ተሰልቶ በሚታደልበት ጊዜ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በአንደበት ጥማድ ማለቱ ይቀጥል፤ በመዝገብ ላይ ግን በሬውም በቁጥር፣ መሬቱም በሄክታር መጻፍ አለበት።

ከነዶ እስከ ጎተራ

የእህል ጥቅል ስሞች የሥራውን ቅደም ተከተል ይከተላሉ። አጫጁ በአንድ እጁ የጨበጠው ጭብጥ ነው። ጭብጡ ተሰብስቦ ሲታሰር ነዶ ይሆናል። ነዶው ተሰብስቦ ሲደራረብ ክምር ይባላል። ክምሩ ፈርሶ በአውድማ ላይ ሲወቃና ሲበራይ፣ ገለባው በነፋስ ሲለይ በመካከል የሚቀረው ክምችት ምርት ነው። ምርቱ በቁና እየተሰፈረ ወደ ስልቻ፣ ወደ ጆንያና ወደ ጎተራ ይገባል። አንድ ገበሬ «ገና ነዶ ላይ ነኝ» ካለ ሥራው የት እንደ ደረሰ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ወቅት የማይጠብቅ ዝናብ ቢመጣ ደግሞ አደጋው በየደረጃው ይለያያል። በሜዳ የተበተነ ነዶ ይበሰብሳል ወይም ይበቅላል፤ በደንብ የተከመረና ጫፉ የተከደነ ክምር ግን ውኃውን ወደ ውጭ ያፈሰዋል። ስለዚህ «እህሉ ታጭዷል» ብሎ ሪፖርት ከማድረግ ይልቅ ስንቱ ነዶ ላይ፣ ስንቱ ክምር ላይ እንዳለ መግለጽ ርዳታ ለሚያስተባብር ሰው ይጠቅማል።

ከወረዳ በሚመጡ ጽሑፎች ውስጥ ያሉት ጥቅል ስሞች ደግሞ ሌላ አመዳደብ አላቸው። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ የብርዕ ሰብል ናቸው። በቆሎና ማሽላ አገዳቸው ወፍራም ስለሆነ የአገዳ ሰብል ይባላሉ። ቦሎቄ፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ጥራጥሬ ናቸው። ኑግ፣ ሰሊጥና ተልባ የቅባት እህል ይባላሉ። ወለንጪቲ አካባቢ በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ጤፍ፣ ማሽላና ቦሎቄ ጎን ለጎን ስለሚገኙ አንዱ ገበሬ ከሦስት ረድፍ ላይ ይመዘገባል ማለት ነው። በአዳማ አቅራቢያ በሚገኘው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ለቆላ ከሚወጡት ዝርያዎች ዘር የሚጠይቅ ማኅበርም ጥያቄውን በእነዚህ ክፍሎችና በሰብሉ ስም ለይቶ ቢያቀርብ ተፈላጊውን ለማግኘት ይቀለዋል።

የመጠን ስሞችን በተመለከተ ቁናና ዳውላ ዛሬም በገጠር ይሰማሉ። ሆኖም ቁና ከቦታ ቦታ ይለያያል። የአንዱ መንደር ቁና ከሌላው መንደር ቁና ጋር ላይተካከል ይችላል፤ የተቆለለ ቁናና የተላገ ቁናም አንድ አይደሉም። ኩንታል ግን የትም ቦታ 100 ኪሎ ግራም ነው። ይሁን እንጂ እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ጆንያ ዕቃ ነው እንጂ ሚዛን አይደለም። አንድ ጆንያ ጤፍና አንድ ጆንያ በቆሎ እኩል አይመዝኑም። «አንድ ጆንያ» ተብሎ የተበደረ እህል «አንድ ኩንታል» ተብሎ ሲጠየቅ ስንቱ ወዳጅነት እንደተበላሸ የማኅበር ሽማግሌዎች ያውቁታል።

ክምርን በዓይን አይቶ ምርቱን መገመትም እንዲሁ ያሳስታል። ትልቅ ክምር ገለባው የበዛ፣ ፍሬው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ቀላል ዘዴ አለ። ከማሳው ውስጥ ሳይመርጡ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ በገመድ ይከለላል። ከዚያ ላይ የታጨደው ብቻ ለብቻው ተወቅቶ ፍሬው ይመዘናል። ስፋቱ 16 ካሬ ሜትር ነው። ፍሬው 3.2 ኪሎ ግራም ቢመዝን ከአንድ ካሬ ሜትር 200 ግራም ተገኘ ማለት ነው። ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ የሄክታሩ ምርት 2,000 ኪሎ ግራም ወይም 20 ኩንታል ይሆናል። ይህን በተለያዩ ማሳዎች ላይ ደጋግሞ መሥራት የአካባቢውን ምርት ክምር ከመቁጠር በተሻለ ያሳውቃል።

ወንፈል፣ ደቦ፣ ጅጊ

የሰው ጥቅል ስሞች ከእንስሳትና ከእህል ስሞች የሚለዩት በውስጣቸው ግዴታ ስላለ ነው። ወንፈል የገባ ሰው ብድር ገብቷል። ጥቂት ጎረቤታሞች ተራ ገብተው ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ማሳ ይሠራሉ፤ አንድ ቀን የተሠራለት አንድ ቀን ይመልሳል። አንዱ በሬውን ይዞ የመጣ እንደሆነ ስንት የጉልበት ቀን እንደሚመለስለት አስቀድመው ይስማማሉ። ደቦ ግን ሰፋ ያለ ነው። ጠሪው እህልና ጠላ አዘጋጅቶ ብዙ ሰው ይጠራል፤ ሥራው አንድ ቀን ውሎ ይጠናቀቃል። የሚመለሰውም በቀን ተቆጥሮ ሳይሆን ሌላው ሲጠራ በመገኘት ነው። ደቦና ጅጊ የሚሉት ስሞች በአማርኛም በኦሮምኛም የሚሰሙ በመሆናቸው በወለንጪቲ አካባቢ ቋንቋ ሳይለያቸው ጎረቤታሞች በአንድ ማሳ ላይ ይሰለፋሉ።

ይህን ልዩነት የማያውቅ መሪ ችግር ይገጥመዋል። የደካማ አሮጊትን ማሳ ለማሳረስ ሰው በወንፈል ከተጠራ አሮጊቲቱ የማትከፍለው የጉልበት ዕዳ ይቆለልባታል። ደቦ ከተባለ ደግሞ የሚቀርብ እህል ከወዴት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ብዙ ቦታ የሚደረገው ድግሱን ጎረቤት አዋጥቶ ጉልበቱን በደቦ መስጠት ነው። ስሙን አስተካክሎ መጥራት ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ መወሰን ነው።

ዕቁብም፣ ዕድርም፣ ቅርጫም እንዲሁ ናቸው። ዕቁብ የገንዘብ ተራ ነው፤ የደረሰው ወስዶ የሚጠፋ እንዳይሆን ዋስ ይጠራል። ዕድር የኀዘንና የችግር ቀን ስብስብ ነው፤ ያልተገኘ ይቀጣል። ቅርጫ ደግሞ አንድ በሬ ገዝቶ ለማረድ ለአንድ በዓል የሚሰበሰቡ ሰዎች ናቸው፤ ሥጋው በመደብ ከተደለደለ በኋላ ስብስቡ ይበተናል። ሦስቱም «ማኅበር» ሊባሉ ይችላሉ፤ ዕድሜያቸው፣ ዕዳቸውና ቅጣታቸው ግን አንድ አይደለም።

ስሙ ቀርቶ ስብስቡ ሲፈርስ

ገበሬ ማኅበር የሚለው ጥቅል ስም በአገሪቱ ገጠር ሁሉ የተሰማው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ከወጣ በኋላ ነው። አዋጁ አንድ ማኅበር ቢያንስ 800 ሄክታር ወይም 20 ጋሻ በሆነ መሬት ላይ እንዲቋቋም፣ አንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት እንዲይዝ ደነገገ። ማኅበሩ መሬት ይደለድላል፤ በፍርድ ሸንጎውም አማካይነት ክርክር ይዳኛል። ቀጥሎም በርካታ ገበሬ ማኅበራት ተጣምረው አገልግሎት ሰጪ የኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ተደረገ።

በ1971 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ደግሞ የአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት መልባ፣ ወልባና ወላንድ በሚሉ ሦስት ደረጃዎች ተከፈሉ። በመልባ መሬቱ የጋራ ሆኖ በሬና መሣሪያ በግል ይያዛል፤ በወልባ በሬውና መሣሪያውም የጋራ ይሆናል፤ ወላንድ በርካታ ወልባዎች የሚዋሐዱበት ደረጃ ነበር። በየካቲት ወር 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አባላት ከፈለጉ መውጣት እንደሚችሉ ተፈቀደ። አብዛኞቹ የአምራች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ፤ አባላቱ በሬውንና መሬቱን ተካፍለው ወደየግል እርሻቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የመጡት የኅብረት ሥራ ማኅበራት በ1991 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 147፣ ይልቁንም እርሱን በተካው በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 985 የሚተዳደሩ፣ አባልነት በፈቃድ የሚሆንባቸው ናቸው። ገበሬ ማኅበር የሚለው ስም ግን በገጠር አልጠፋም። ዛሬ በብዙ ሰው አንደበት የሚያመለክተው የሰዎችን ስብስብ ሳይሆን ቦታውን፣ የገጠሩን ቀበሌ ነው። «ከየትኛው ገበሬ ማኅበር ነህ?» ሲባል መልሱ የቀበሌ ስም ነው።

ከዚህ ታሪክ ለመሪዎች የሚተርፍ ትምህርት አለ። ወንፈል ሕግ ሳይጻፍለት ዘመን ተሻግሯል፤ የገባ ሁሉ የሚሰጠውንና የሚያገኘውን ስለሚያውቅ ነው። በመመሪያ የተመሠረተው ወላንድ ግን አባላቱ መውጣት በተፈቀደላቸው ጊዜ አልቆየም። ስም ስብስብን ይጠራል እንጂ አያቆምም። የሚያቆመው አባሉ ድርሻውን ማወቁና በውዴታው መግባቱ ነው።

ለጥፋት የሚሰበሰቡ

መሰብሰብ ሁልጊዜ ለበጎ አይደለም። የበረሃ አንበጣ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ተበታትኖ ሲኖር ፈሪና ብቸኛ የሆነ፣ በሌሊት የሚበር ተራ ነፍሳት ነው። ዝናብ ዘንቦ ቡቃያ ሲበዛ ይራባል፤ ቡቃያው ሲደርቅና ቦታ ሲጠብበው ግን እርስ በርሱ መነካካት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ጠባዩም ቀለሙም ይለወጣል። ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ በአንድነት ይጓዛል፤ ክንፍ ያወጣው ደግሞ በመንጋ ሆኖ በቀን ይበራል። ብቸኛውና መንጋው አንድ ዓይነት ነፍሳት መሆናቸውን ሳይንቲስቱ ቦሪስ ኡቫሮቭ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ከመግለጹ በፊት ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር።

አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የአንበጣ መንጋ ቢያንስ 40 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል። አንዱ አንበጣ ወደ 2 ግራም የሚመዝን ሆኖ በቀን የክብደቱን ያህል ይበላል። ሲባዛ በቀን 80,000 ኪሎ ግራም ወይም 800 ኩንታል ይሆናል፤ ይህም የ35,000 ሰዎች የዕለት ምግብ ያህል ነው። መንጋው ነፋስ ተከትሎ በአንድ ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 አንበጣ በኢትዮጵያ 167,000 ቶን እህል ማጥፋቱ ተመዝግቧል። በ1954 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪቃ አገሮች የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ለማቋቋም አዲስ አበባ ላይ የተስማሙትም አንድ አገር ለብቻው የማይችለው ጠላት በመሆኑ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ 2013 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ደግሞ መንጋው ስምጥ ሸለቆን ጨምሮ ብዙ የአገሪቱን ክፍል አዳርሷል።

ሌላው የማሽላ ጠላት ግሪሳ ነው። አንዲት ግሪሳ በቀን የምትበላው ወደ 10 ግራም የሚሆን ፍሬ ብቻ ነው። ለብቻዋ ብትመጣ ማንም ልብ አይላትም። አንድ ሚሊዮን ሆና ስትመጣ ግን በቀን 100 ኩንታል ታጠፋለች። በማማ ላይ ሆኖ ወንጭፍ የሚያጮኸው ልጅ መንጋውን ከአባቱ ማሳ ያባርረው ይሆናል፤ የሚያርፈው ግን በጎረቤቱ ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ የግሪሳ መከላከል ሥራ የሚሳካው የአካባቢው ገበሬዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ሲነሡና ማደሪያውን ፈልገው ለግብርና ባለሙያ ሲያመለክቱ ነው።

በዚህ ጊዜ «ከፍተኛ መንጋ መጣ» የሚል መልእክት አውሮፕላንም ሆነ መድኃኒት ለሚልክ ሰው አይበቃም። ኩብኩባ ነው ወይስ ክንፋም? አርፏል ወይስ እየበረረ ነው? ስንት ሄክታር ሸፍኗል? በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ጎጥ ታየ? ወደ የት አቅጣጫ ሄደ? የወፍ መንጋ ከሆነ ደግሞ ብዛቱን ለመገመት ከመንጋው ጥግ 10 ወፍ ቆጥሮ የያዙትን ስፋት በዓይን መያዝ፣ ያንን ስፋት በመላው መንጋ ላይ እየደጋገሙ መቁጠር ይቻላል። ግምቱ ፍጹም ባይሆንም «ብዙ ነው» ከማለት በእጅጉ ይሻላል።

በመዝገብ ላይ ምን ይጻፍ?

መዝገቡ በአፋን ኦሮሞም ይጻፍ በአማርኛ ለጸሐፊው የሚሆነው ደንብ አንድ ነው። ጥቅል ስም በተጻፈ ቁጥር አጠገቡ ቁጥር፣ ልክ፣ ቦታና ጊዜ ይከተለው። «ከብት ማሳ ገብቶ ጉዳት አደረሰ» በማለት ፈንታ «ኅዳር 12 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት 6 ላምና 2 ጥጃ ሩብ ሄክታር በሆነ የማሽላ ማሳ ገብተው ሲሶ ያህሉን በልተዋል» ተብሎ ቢጻፍ ለሽማግሌም ለዳኛም ይመቻል። «አባላት በደቦ ተሰማሩ» ከማለት «34 አባላት በደቦ ወጥተው በአንድ ቀን 120 ሜትር እርከን ሠሩ» ማለት የሚቀጥለውን ሥራ ለማቀድ ይረዳል። «አንድ ጆንያ በቆሎ ተበደረ» ከማለትም ኪሎውን መዝኖ መጻፍ ኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያድናል።

ይህ ማለት የገበሬው ቃላት ይጣሉ ማለት አይደለም። ነዶ፣ ክምር፣ ጥማድ፣ መቀናጆና ወንፈል ሄክታርና ኪሎ ግራም የማይናገሩትን ይናገራሉ። ሥራው የት እንደደረሰ፣ ማን ከማን ጋር እንደተሳሰረ፣ ማን ለማን ባለዕዳ እንደሆነ የሚያስረዱት እነርሱ ናቸው። ኪሎ ግራምና ሄክታር ደግሞ እነዚህ ቃላት የማይሸከሙትን ልክ ይሸከማሉ። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ መዝገቡ የተሟላ ይሆናል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ተረቱን የተረተው ሰው ሎሚውንም ሰዎቹንም ቆጥሯል። «ብዙ ሎሚ ለብዙ ሰው» ብሎ ቢሆን ኖሮ ለእያንዳንዱ ስንት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም ነበር።